ከድንበር ድንጋዩ ወዲያ የተዘራ በቆሎ

ባለገመዱ እንለዋለን። ስሙን ያወጣንለት እኛው የጥብቅ ደኑ ሠራተኞች ነን። ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከትከሻው ያልወረደች፣ በየአሥር ሜትሩ የተቋጠረች የናይለን ገመድ ነበረችው። በየሦስት ወሩ ያቺን ገመድ እየዘረጋ ከደኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በቀጥታ መስመር ይሄዳል፤ በግራም በቀኝም ያየውን ይጽፋል። ዱካ፣ ፋንድያ፣ የተላጠ ቅርፊት፣ የተገነጠለ ቅርንጫፍ። ወንዝ ቢገጥመው በወንዙ፣ እሾህ ቢገጥመው በእሾሁ ነው፤ ዞሮ ማለፍ አያውቅም። «መስመሯ ከጠመመች ቁጥሩም ይጠምማል» ይላል።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነበርኩ። መኪናዬ መንገዱ እስከሚያልቅበት ታደርሰዋለች፤ ከዚያ ወዲያ እግሩ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን በሌላኛው ጫፍ ሲወጣ እዚያ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ጢሙ ላይ ቅጠል፣ ቦቲው ውስጥ አልቅት ይዞ ይመጣል።

«ስንት አየህ?» እለዋለሁ።

በደህናው ዘመን ይህን ጥያቄ ሳልጠይቀው ነበር የሚመልስልኝ፤ ከሩቅ ጀምሮ እጁን እያወናጨፈ፣ እየጮኸ ነው የሚመጣው። እየቆየ ግን «መጀመሪያ ምሳ» ማለት ጀመረ። ምሳ ካስቀደመ ቁጥሩ ወርዷል ማለት ነው። ሲቀጠር በደኑ ውስጥ ስልሳ ሦስት ዝሆን ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ እኔ ስቀጠር ከሠላሳ አይበልጡም። ይህን የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት የቀሩት አራት ናቸው፤ አንዲት አሮጊት፣ ሁለት ሴት ልጆቿና አንዲት ገና የምትጠባ ግልገል። አሮጊቷን እሜቴ እንላታለን። መንገድ ላይ ከቆመች ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ነው እንጂ ጥሩምባ መንፋት የለም። አንድ ቀን ቸኩዬ ነፋሁና የመኪናዬን መብራት በኩምቢዋ ነቅላ፣ አየት አየት አድርጋ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውራልኝ ሄደች። ባለገመዱ ሆዱን ይዞ እስኪወድቅ ሳቀ።

መሥሪያ ቤታችን ሦስት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ናት። አንደኛው የኃላፊው፣ ሁለተኛው የጠባቂዎች፣ ሦስተኛው መጋዘን። መጋዘኑ ውስጥ ከደን የተያዘ ዕቃ ይከመራል። ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ እጀታ የሌለው መጥረቢያ፣ የከሰል ጆንያ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የወጥመድ ሽቦ ነው። የሞተር ብስክሌት ፍሬን ሽቦ አለ፣ የአጥር ሽቦ አለ፣ ከተቃጠለ ጎማ የወጣ አለ። አዲሱ ኃላፊ፣ ትምህርቱን ገና የጨረሰ ልጅ እግር፣ በመጣ ሰሞን በሩን ከፍቶ አይቶ «ይሄ ሁሉ ቢቀጣጠል ዓለምን ይዞራል!» አለ። ባለገመዱ «ዓለምን አላውቅም፤ ደኑን ግን ሦስት ጊዜ ይጠፍረዋል» አለው። አንዳችንም አልሳቅንም። በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለት ድኩላና አንድ ከርከሮ አንገታቸው በሽቦ ተቆርጦ አግኝተን ነበር።

ሰውየው እንዲህ ነው። ለደኑ የቆመ፣ የማይለመን፣ ከከሰል አክሳይ ጉርሻ የማይቀበል። አንድ ሰው ብቻ ነበረች እንቢ ማለት የማይችላት፤ ታናሽ እህቱ።

እናታቸው ስትሞት እሱ አሥራ ሦስት፣ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ሲሄድ አዝሏት ይሄድና ከክፍሉ በር አጠገብ ያስቀምጣታል። አስተማሪው ቢቆጣ ሁለቱም ይወጣሉ። ሚጡ ይላታል፤ አርባ ዓመት አልፏት፣ የሦስት ሴት ልጆች እናት ሆና እንኳ ሚጡ ነው የሚላት። እሷም ጋሼ ነው የምትለው። ባሏ የእንጨት ሥራ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የመጋዝ ብናኝ ሳንባውን በላውና እያሳለ፣ እያሳለ ሞተ። ከዚያ በኋላ ከልጆቿ ጋር ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ፤ ልጆቿ እየተጯጯሁ ነው የሚነጋገሩት። ባለወፍጮው ሁለተኛ ድንጋይ ልጨምር ነው ብሎ ክፍሉን ሲፈልገው እሷም ወጣች።

በማግስቱ እኛ ጋ መጣች። ባለገመዱ በረንዳው ላይ ገመዱን ከጭቃ እያጠበ ነበር፤ እኔ ጎማ እቀይራለሁ። ሰላምታ ተለዋወጡና፦

«ጋሼ፣ ከድንበር ድንጋዩ ወዲያ ያለችው ሜዳ የማን ናት?» አለችው።

«የመንግሥት።»

«ማን ያርሳታል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ያ ማንም እኔ ልሁና።»

እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። ባለገመዱ ግን አልሳቀም። ገመዱን አጥቦ ጨረሰ፤ ጠመዘዘ፤ ምስማር ላይ ሰቀለ። ያቺን ሜዳ ያውቃታል። ከደኑ ክልል ውስጥ ናት፤ ዝሆኖቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱባት መተላለፊያ። በመዝገቡ ላይ ስንትና ስንት ጊዜ በእጁ ጽፏታል።

«ያቺን ሜዳ ብቻ» አለ በመጨረሻ፣ ወደኔ ሳያይ። «ዛፍ አትንኪ። አንዲትም ዛፍ።»

እኔም የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ጎማዬን ቀየርኩ። ዛሬ ሳስበው አንድ ቃል ብናገር ኖሮ እላለሁ። ግን ምን ብዬ? ሴትየዋ ልጆቿን ይዛ የት ትሂድ?

ሚጡ ጎበዝ ናት። በአንድ ክረምት ሜዳዋን በቆሎ አለበሰቻት፤ ዳር ዳሩን ዱባ ዘራች፤ ሁለት ክፍል ጎጆ አቆመች። የመጀመሪያውን እሸት ለእኛ ነው ያመጣችልን። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን በላን፤ ባለገመዱም በላ።

በሁለተኛው ዓመት ከእሷ ጎን ሦስት ጎጆ ተተከለ። መሬታቸው ዝናብ ያጣ፣ አፈሩ ተጠርጎ ድንጋይ የቀረው ሰዎች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። በሦስተኛው ዓመት አሥራ ስድስት ሆኑ። ሜዳው ሲያልቅ ዛፍ ማገንደስ ጀመሩ፤ የዛፉ ግንድ ወደ ከተማ፣ ቅርንጫፉ ወደ ከሰል። በአምስተኛው ዓመት አርባ አንድ አባወራ ነበሩ። ባለገመዱ ከጠባቂዎች ጋር ሊያስነሣቸው ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ፊት ለፊቱ ቆመው፦

«ልጄ፣ ሕግ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንነሣለን። መጀመሪያ የእህትህን አፍርሰህ ና፤ የኔን እኔው ራሴ አፈርሳለሁ» አሉት።

ቆመ። ከዚያ ዞሮ ወደ መኪናዬ መጣና ገብቶ በሩን ዘጋ። ኃላፊው ጉዳዩን ለበላይ አካል ጻፈ። የበላዩ አካል እንደ ልማዱ ዝም አለ።

ዝሆኖቹ ግን መንገዳቸውን አልተዉም። የት ይተዉታል? ወንዙ ያለው እዚያ ነው። በእሸት ሰሞን እሜቴ ልጆቿን አስከትላ ትመጣና በአንድ ውሎ የአንድ ቤተሰብ ዓመት ቀለብ አውድማ ትሄዳለች። ባለገመዱ ምን ያላደረገው አለ? ገመድ በበርበሬና በግራሶ ለውሶ የእህቱን ማሳ ከበበላት። ለሁለት ሳምንት ሠራ፤ ዝናብ ሲመጣ ታጠበ። ለሰፋሪዎቹ ፊሽካ አደለ፤ ጣሳ እንዲደበድቡ አስተማረ። እነዚያ ሽማግሌ፣ የእህትህን አፍርሰህ ና ያሉት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጣሳቸውን እየደበደቡ ቀረቡና ከእሜቴ ልጆች አንደኛዋ ዞራ ረገጠቻቸው። ከማሳቸው መሐል ነው ያነሣናቸው። መኪናዬ ላይ ጭነን ስንሄድ ሚስታቸው ጣሳውን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አላለቀሰችም፤ ብቻ ጣሳውን እያገላበጠች ታያለች።

ከቀብሩ በኋላ አሥር ቀን ሳይሞላ ተራው የሚጡ ሆነ። በቆሎው ሊሰበሰብ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስንደርስ ከአንድ አገዳ በስተቀር የቆመ የለም። ጎጆዋም በአንድ ጎኗ ተደፍታለች፤ ልጆቹ ከፍርስራሹ ውስጥ ደብተራቸውን ይለቅማሉ። ሚጡ እማሳው መሐል ጭቃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ተነሽ ሚጡ፤ ብርድ ይመታሻል» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ አንተ የኔ ወንድም ነህ ወይስ የዝሆን ዘመድ?»

ባለገመዱ ጎንበስ ብሎ የተረገጠውን በቆሎ ይለቅም ጀመር። የሚበላ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በቆሎው ገና ፀጉሩን ሲያወጣ፣ አንድ ማለዳ ከጠባቂዎች አንዱ እየሮጠ መጣ። «አሞራ» አለ፤ «ብዙ አሞራ ወድቋል።» እኔና ባለገመዱ መኪናዋን ይዘን ሄድን፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግራችን ወደ ወንዙ ወረድን።

መጀመሪያ ያየነው ጥንብ አንሳዎቹን ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው እዚህም እዚያም ተደፍተዋል፤ ከአርባ ይበልጣሉ። ሁለት ጅብ አፋቸው አረፋ እንደያዘ ውሃው ዳር ወድቀዋል። ከዚያ ዝሆኖቹን አየን። ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ናቸው። እሜቴ ትንሽ ራቅ ብላ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ውሃው ሊደርስባት አንድ እርምጃ ሲቀራት ሞታለች። አጠገባቸው የተፈረካከሰ ዱባ አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ የሰብል ተባይ መድኃኒት ሽታ ነው።

ግልገሏ በሕይወት አለች። እናቷን በግንባሯ ትገፋለች፤ ትገፋና ወደ ኋላ ትላለች፤ ደግሞ ትገፋለች። ባለገመዱ ጥቂት ቆሞ አየና እመሬት ላይ ዘጭ አለ። ያቺ ሰው ቀርቧት የማያውቅ ግልገል እየተንገዳገደች መጥታ ኩምቢዋን ደረቱ ላይ አሳረፈች።

እንዴት እንዳወጣናት አትጠይቁኝ። በስምንት ሰው፣ በብርድ ልብስ፣ በቃሬዛ መኪናዬ ድረስ አመጣናት። ከኋላ እሱ አቅፏት ተቀመጠ። መጋዘኑን ባዶ አደረግነው፤ ሽቦውን ሁሉ ደጅ አውጥተን ከመርን፤ ጭድ ነሰነስን። እኔ ከተማ ሄጄ በሱቅ የተገኘውን የዱቄት ወተት ሁሉ ሰብስቤ መጣሁ። በባልዲ እንበጠብጣለን፤ በላስቲክ ቱቦ እንሰጣለን። ግማሹን ትውጣለች፤ ግማሹ በአፏ ዳር ይፈስሳል። ቱቦውን ስትተፋው ባለገመዱ ጣቶቹን ያጠባታል። በጣቶቹ ላይ ወተት እያንጠባጠብኩ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። የባለገመዱ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ የተራረፈ ጨርቅ ቀጣጥላ ትልቅ ድርብ ልብስ ሰፍታ ላከችላት። ግልገሏ ያን ቀለም የበዛበት ነገር ለብሳ ስትቆም ባለገመዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሙሽራ መሰለች» አለ።

በስድስተኛው ቀን ሚጡ መጣች። እኔ ከበሩ ውጪ ወተት እበጠብጥ ነበር። ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ግልገሏ የባለገመዱን ጣቶች እየጠባች ዓይኗን ከደን ከፈት ታደርጋለች።

«ትድናለች?» አለች።

«እንጃ። አንጀቷ አልያዘላትም።»

ሚጡ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ዱባው የኔ ነው ጋሼ።»

እሱ አልዞረም።

«መድኃኒቱን እነሱ አመጡ፤ ዱባው የኔ ነው። ሁላችንም ነን። በየቤቱ ተዞረና ሁሉም እሺ አለ፤ እኔም እሺ አልኩ። ጥጋብ አልነበረም፤ ልጆቼ ባለፈው ዓመት ምን እንደበሉ አንተ ታውቃለህ። ግን ግልገል አለች ብዬ… ግልገሏን አላሰብኩም። ጋሼ፣ እባክህ አንድ ነገር በለኝ። ስደበኝ።»

«ወተቱን አቀብዪኝ» አላት።

ባልዲውን ከእጄ ወስዳ አቀበለችው። ወተቱ እየተንቦጨቀ ቀሚሷ ላይ ይፈስስ ነበር። ያን ቀን እስኪመሽ ከአጠገቡ አልሄደችም፤ በማግስቱም፣ በማግስቱም መጣች። አብረው አጠቡ፣ አብረው ጭድ ቀየሩ፤ ስለ ዱባው ግን አንድም ቃል ዳግም አልተነሣም።

ግልገሏ በዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሞተች። ጭንቅላቷ እግሩ ላይ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ቀበርናት። ሚጡም አካፋ ይዛ ቆፈረች፤ ማንም አትቆፍሪ አላላትም።

ከዚያ የወረቀቱ ነገር መጣ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከሆዳቸው ናሙና በጠርሙስ ወስዶ ነበር፤ ጠርሙሶቹ መብራት በሌለው የመሥሪያ ቤታችን ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጠው ተበላሹ። የቀረው ቅጹ ነው። ኃላፊው ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ፤ ባለገመዱ ፊት ለፊቱ፤ እኔ በሩ ላይ።

«ጋሼ፣ የሞት ምክንያት ምን እንበል? እርስዎ ነዎት ያዩት። ሰፋሪዎቹ ናቸው ካሉ ፖሊስ ይመጣል፤ ሁሉንም ይጠርጋል። እርስዎ እንዳሉት ነው የምጽፈው።»

ባለገመዱ እጁን አየ። ጣቶቹ ግልገሏ ከጠባቻቸው ወዲህ ቆዳቸው ተልጦ ነበር። አንዴ ወደኔ አየት አደረገ፤ እንደማውቅ ያውቃል። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

«ያልታወቀ በል» አለ።

ኃላፊው ጻፈ። እሱ ፈረመ። ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ «ሃያ ሰባት ዓመት አንዲት ፋንድያ ጨምሬ አላውቅም፤ ቀንሼም አላውቅም» አለኝ። እኔም አላጽናናሁትም።

ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ነጭ መኪና መጣ፤ አራት ሰዎች ካርታ ይዘው ወረዱ። ከመካከላቸው በሥልጣን የሚበልጠው ሰው ካርታውን መኪናዬ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ባለገመዱን ጠራው። ትሑት ሰው ነው፤ ቁጣ የለበትም።

«ደኑ የተከለለበት ደብዳቤ የዝሆን መጠለያ ይላል። አሁን ዝሆን አለ?»

«የለም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«እንግዲያው የተከለለበት ምክንያት የለም ማለት ነው።»

ባለገመዱ ደነገጠ። እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም። «እንዴ ጌታዬ፣ ጉሬዛ አለ! ነብር አለ፤ ባለፈው ወር ዱካውን አይቻለሁ። ከተማው የሚጠጣው ምንጭ ከዚህ ነው የሚነሣው። ወፉ ብቻ…»

«ይገባኛል አባቴ» አለው ሰውየው። «ደብዳቤው ላይ ግን የለም።»

ካርታውን አጠፉ፤ አመሰገኑን፤ ሄዱ። በአምስተኛው ወር ደኑ ግንድ ለሚያመርትና አንድ ዓይነት ዛፍ ለሚተክል ድርጅት ተሰጠ። ለሰፋሪዎቹ አሥራ አምስት ቀን ተሰጣቸው። አርባ አንዱም አባወራ በቆሏቸው አረንጓዴ እንደሆነ ወጡ፤ በፈቃዱ ያልወጣውን ዶዘሩ አወጣው። ዶዘሩ ሥራ የጀመረው ከሚጡ ሜዳ ነው፤ ለመንገድ የምትመቸው እሷ ናት። ዝሆኖቹ የሄዱባት ሜዳ፣ በቆሎው የበቀለባት ሜዳ፣ በአንድ ቀን ቀይ አፈር ሆነች።

ባለገመዱ ጡረታው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። የሚጠበቅ ነገር ባይኖርም በየቀኑ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ዛፍ ሲቆርጡ አብረን ቆመን አየን። ዙሪያው ተመንጥሮ አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ መሐል ቀርቷል፤ ላዩ ላይ ስድስት ጉሬዛ አሉ። ጉሬዛ መሬት መውረድ አይወድም፤ ከዛፍ ዛፍ ነው የሚሄድ፤ የሚዘልበት ዛፍ ደግሞ የለም። መጋዝ የያዘው ልጅ ጥሩ ሰው ነው፤ ማሽኑን አጥፍቶ ይውረዱ ብሎ ጠበቀ። ምሳውን በላ። እጁን አጨበጨበ፤ ጮኸባቸው። ከፍ ብለው ወጡ እንጂ አልወረዱም። አለቃው ከሩቅ ሲጮህበት ልጁ ወደ እኛ አየና «ምን ላድርግ?» አለ። ማሽኑ ሲነሣ ባለገመዱ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ወደ መኪናው ሄደ። እኔ ቆሜ አየሁ። አንድ ሰው ማየት አለበት ብዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሚጡና ሦስቱ ልጆቿ ባለገመዱ ቤት ገቡ። ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍል። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ወደ መተላለፊያው አውጥታ ለልጆቹ ፍራሽ ዘረጋች። ጨዋ ሴት ናት፤ ፊቷን አላጠቆረችባቸውም። የዱባውን ነገር የነገረቻት ሚጡ ራሷ ናት። ሰምታ ስትጨርስ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እኔ ስሳሳት ስፌቴን ፈትቼ እደግመዋለሁ። ይሄ ምኑ ይፈታል?» አለች። ከዚያ ለእራት ተነሣች።

ባለገመዱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። ያ ሁለት ሦስት ቀን በእግሩ የማይደክም ሰው እስከ መንገዱ ጥግ ለመሄድ ደከመው። መስኮቱ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ብሄድ ይጫወታል፤ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፤ ስለ ደኑ ግን ካነሣሁ ወሬ ይቀይራል። ሰውነቱ አለቀ። ሚጡ እሱን ባየች ቁጥር ትከሳለች፤ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር የሚያልቀው።

አንድ ሐሙስ እኔ ቤት መጣች። ያኔ የኪራይ ሚኒባስ እነዳ ነበር።

«አድርሰኝ» አለችኝ።

«የት?»

«መንግሥት ጋ። እናገራለሁ። እሱ የተሸከመው የኔን ነው፤ ልውሰድለት።»

«ያስሩሻል እኮ።»

«ይሰሩኝ! ልጆቼ አድገዋል፤ ባለቤቱ አለች። እሱ ግን እየሞተ ነው።»

የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ ትንሽ ጥቅል ይዛ ነበር፤ ቅያሪ ልብስና ሳሙና። ስንሄድ ጥቅሉን ጭኗ ላይ ይዛ ፊት ለፊት ብቻ ታያለች። ድሮ የደን ጉዳይ የነበረበት ሕንፃ አራተኛ በር ላይ አንድ ጸሐፊ አገኘን። ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ዱባውን፣ መድኃኒቱን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ወረቀቱን ማን እንደፈረመ። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ሰማት፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ተነሥቶ መደርደሪያ ፈተሸ፤ ጎረቤት ክፍል ሄዶ ጠየቀ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ይሄ ክፍል አሁን የመንገድ ሥራ ቢሮ ነው። የደኑ ቢሮ ከፈረሰ ቆየ። ፋይሉ ምክንያቱ ያልታወቀ ተብሎ ተዘግቷል።»

«እኔ አውቀዋለሁ እያልኩህ! እኔ ነኝ።»

«ይገባኛል። ግን ማን ይክሰስሽ? ከሳሽ የነበረው ቢሮ የለም። ደኑም የለም።»

ፖሊስ ጣቢያም ሄድን። ተረኛው ሳጅን ሰማትና ዝሆን የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን አየ። ጭንቅላቷ ላይ ችግር ያለባት መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገላት። «ቤተሰብ አለሽ? ወደ ቤት ይውሰዱሽ» አላት፤ ለእኔም በዓይኑ ምልክት ሰጠኝ።

ስንመለስ ባለገመዱ እዚያው አግዳሚው ላይ ነበር። ሚስቱ መተላለፊያው ላይ እየሰፋች ነው፤ ስታየን የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የት ሄደሽ ነው?» አላት፣ ጥቅሉን አይቶ።

«ልናገር ሄጄ ነበር።»

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ፤ ፍርሃት ይሁን ተስፋ አልለየሁትም።

«ምን አሉሽ?»

«ተዘግቷል አሉኝ። አልፈለጉኝም።»

«የኔንስ? እኔ ነኝ የፈረምኩት ብለሽ አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው ጋሼ። ስምህን ከነአባትህ ነገርኳቸው።» ጥቅሉን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «አላወቁህም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገባው ሰው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ ሄዳ ተቀመጠች። ሁለቱም ወደ መስኮቱ ያያሉ፤ ከመስኮቱ ውጪ የጎረቤት ግድግዳ ነው ያለው። ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ። መልስ የሰጠችኝ ሚስቱ ብቻ ናት።